ስለ አንዲት እፍኝ ገብስ

ሰው ከሩቅ የመጣውን ነገር መርምሮ ያደንቃል፤ በየዕለቱ በእጁ የሚቈርሰውን ግን ከወዴት እንደ መጣ ሳይጠይቅ ይውጠዋል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን ከደጋው ማዕድ ጥቂቱን አንሥተን መነሻውን ልንመለከት ወደድን።

አቀስታ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የለጋምቦ ደጋ ከተማ ናት። በዚያ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም የሚበላው እህል አንድ ነው። የገብስ እንጀራ፣ በርበሬ የገባበት ሽሮና የተቀቀለ ድንች በአንድነት ሲቀርቡ ሁሉም ከጥንት ጀምሮ የአገር ልጆች ይመስላሉ። ነገር ግን እንዲህ አይደለም። በርበሬ የበቀለው በአሜሪካ ምድር ነው፤ ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በእኛ ዘንድ አልታወቀም። እንግዲህ ቅዱስ ላሊበላ የበርበሬ ወጥ አልቀመሰም ማለት ነው። ድንችም የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ፍሬ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ ያገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1858 እ.ኤ.አ. እንደ ሆነ ተጽፏል።

ገብስ ግን በቤቱ የኖረ ነው። ገበሬዎቻችን ከጥንት ጀምሮ እየመረጡ ስለ ዘሩት ዓይነቱ እጅግ በዝቷል። ቫቪሎቭ የተባለው የሩስያ ሊቅ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ የእህል ዘር ሰብስቦ ሄደ፤ ስብስቡም በሌኒንግራድ ከተማ ተቀመጠ። ከተማይቱ ከ1941 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. በጠላት በተከበበች ጊዜ፣ ከዘሩ ጠባቂዎች አያሌዎቹ በእህል መካከል ተቀምጠው፣ ለሚመጣው ትውልድ ሲሉ ዘሩን ሳይነኩ በረኃብ ሞቱ።

ይህን ባነበብን ጊዜ የራሳችን ዕዳ ትዝ አለን። በ1977 ዓ.ም. ወሎ በድርቅ በተመታ ጊዜ ገና የቆሎ ተማሪ ነበርን። ስሙ ራሱ ከምግቡ የመጣ ነው፤ ተማሪው ከየደጁ ለምኖ ያገኘውን ጥሬ እየቆላ ይማር ነበርና። አንዲት ባልቴት እናት በአኩፋዳችን አንዲት እፍኝ ገብስ ጨመሩልን። እኛም ማነሷን አይተን በልባችን አጉረመረምን፤ ምስጋናውንም በከንፈር ብቻ አደረስን።

የበልግ ዝናም በጣለ ጊዜ ዘርና በሬ የተረፈው ሰው ሲያርስ፣ የእኒያ እናት ማሳ ጦም አደረ። ያን ጊዜ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ደጃቸውን ለመታ ሁሉ ከዘራቸው ይዘግኑ እንደ ነበረ ከጎረቤት ሰማን። ይቅርታ ለመለመን ብንሄድ ቤታቸውን ተዘግቶ አገኘነው። ወዴት እንደ ሄዱ የሚነግረን አልነበረም።

እንግዲህ ሊቃውንቱ ዘሩን ባለመብላታቸው፣ እኒያ እናት ደግሞ ዘራቸውን በመስጠታቸው ራሳቸውን አሳልፈው ሰጡ። ሥራቸው የተለያየ ቢመስልም ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከራሳቸው ሆድ ይልቅ የሌላውን ሰው ሕይወት አይተዋልና። የሰራፕታዋ መበለት ከቀረቻት ጥቂት ዱቄት ለነቢዩ ለኤልያስ አስቀድማ መጋገሯም ይህንኑ ያስተምረናል።

በአገራችንም በ1976 እ.ኤ.አ. የዘር መጠበቂያ ማእከል ተቋቁሟል። በድርቁ ዘመን ዶክተር መላኩ ወረደና ባልንጀሮቻቸው የገበሬው ዘር ተበልቶ እንዳይጠፋ ከየአገሩ በመሰብሰብ ደክመዋል። ስለዚህ ገበሬ ወንድማችን የአባቱን ዘር በከንቱ አይጣል፤ በከተማ የሚኖረውም ቁራሹን አይናቅ። ልጆቻችንም ከመቁረሳቸው በፊት ይህ ከወዴት መጣ ብለው ይጠይቁ ዘንድ እናስለምዳቸው። እኛ ሳንጠይቅ በልተን፣ ማመስገን በሚገባን ጊዜ ደጁ ተዘግቶ አግኝተነዋልና።

የዘራውን፣ የጠበቀውንና የሰጠውን እናስብ ዘንድ እግዚአብሔር ልቡና ይስጠን፤ አሜን።