ቀለም የተቀባው የአንጎል ምስል ምን ይነግረናል?



በቅርቡ ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንድ ወንድም በስልኩ የአንጎል ምስል አሳየን። ከፊሉ በቀይና በብርቱካናማ ቀለም ደምቋል፤ ከሥሩ «ሳይንስ አረጋገጠ» ይላል። ማን፣ መቼ፣ በስንት ሰው ላይ እንዳረጋገጠ ግን አልተጻፈም። መድረሳ ስንቀራ ኡስታዛችን ወሬ ይዘን ስንመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁን «ከማን ሰማችሁ?» ብለው ነበር። ለዚህም ምስል ጥያቄው ያው ነው። እኔ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝና አንድ ልጨምር፦ ምስሉ እንዴት ተሠራ?

1. መሣሪያዎቹ

አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህን ሥራውን ከውጭ ሆኖ ለማየት የተለያዩ መንገዶች አሉ።

ኢኢጂ በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ይመዘግባል። በሰው ላይ የጀመረው ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ነው፤ ውጤቱንም በ1929 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ኢኢጂ በጣም ፈጣን ነው፤ ሞገዱ ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደተነሣ ለመለየት ግን ይቸገራል። ዛሬ የሚጥል በሽታን ለመመርመር በሰፊው ያገለግላል።

ኤፍኤምአርአይ ደግሞ በተቃራኒው ቦታውን በደንብ ያሳያል፤ ፍጥነት ግን የለውም። ስልካችን ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ባለቀለም ምስሎች የሚመጡት ከዚህ ነው።

2. ቀለሙ ከየት መጣ?

መሣሪያው ሐሳብን አያይም። የሚያየው ከደም ጋር የተያያዘ ለውጥን ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ኦክስጅን የያዘ ደም በብዛት ይጎርፍለታል። ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ሄሞግሎቢን በማግኔት ውስጥ የተለያየ ጠባይ አላቸው። ጃፓናዊው ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ይህ ልዩነት በኤምአርአይ ሊታይ እንደሚችል በአይጦች ላይ አሳዩ፤ በ1992 በሰው ላይ ተሠራ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፣ የደሙ ለውጥ ጫፍ የሚደርሰው ከአንጎሉ ሥራ 5 ወይም 6 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ሁለተኛ፣ ቀለሙን የሚቀባው ኮምፒውተር ነው። ምስሉ ቮክስል በሚባሉ ትናንሽ ኩቦች የተከፈለ ሲሆን ቀለሙ «እዚህ ቦታ የታየው ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም» የሚል የስታቲስቲክስ ፍርድ ነው።

3. የሞተው ዓሣ

ፍርዱ ሊሳሳት ይችላል። 100,000 ቮክስሎችን እየፈተሽን በእያንዳንዱ ላይ የመሳሳት ዕድላችን ከሺህ አንድ ቢሆን፣ ምንም በሌለበት 100 ያህል ቮክስሎች «በርተው» ይታያሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. ክሬግ ቤኔት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የሞተ ሳልሞን ዓሣ መሣሪያው ውስጥ አስገብተው የሰዎችን ፎቶ «አሳዩት»። ስሌቱ ለብዙ ፍተሻዎች ሳይታረም ሲቀር በሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ የበሩ ነጥቦች ታዩ! ሲታረም ጠፉ። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፤ የስሌቱ ነበር።

4. በትክክል ሲሠራበት

ይህን ያልኩት ዘርፉን ለማጣጣል አይደለም። በመኪና አደጋ የተጎዳች አንዲት የ23 ዓመት ወጣት ዓይኗን ብትገልጥም ለሐኪሞች ትእዛዝ ምንም ምላሽ አትሰጥም ነበር። አድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ መሣሪያው ውስጥ አስገብተው «ቴኒስ እየተጫወትሽ እንደሆነ አስቢ»፣ ቀጥሎም «በቤትሽ ክፍሎች ውስጥ እየተዘዋወርሽ እንደሆነ አስቢ» አሏት። በሁለቱም ትእዛዞች አንጎሏ እንደ ጤነኞቹ ሰዎች አንጎል ምላሽ ሰጠ። ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ2010 በወጣው ቀጣይ ጥናት ከ54 ሕመምተኞች 5ቱ እንዲህ አንጎላቸውን በፈቃዳቸው ማሠራት ችለዋል፤ አንዱም በዚሁ መንገድ «አዎ» እና «አይደለም» እያለ ጥያቄ መልሷል።

54ቱም አልቻሉም፤ 5ቱ ግን ችለዋል። ምላሽ የማይሰጥ ሕመምተኛ ስንዘይር ከአልጋው አጠገብ የምንናገረውን እንምረጥ፤ ሊሰማን ይችላልና።

5. ከማጋራታችን በፊት

ባለቀለም የአንጎል ምስል ሲደርሰን አራት ነገር እንጠይቅ፦ ጥናቱን ማን ሠራው? በስንት ሰው ላይ? ከምን ጋር ተነጻጸረ? ሌሎች ደግመውት ያንኑ አገኙ? መልስ ከሌለው ምስሉ የምንወደውን ነገር ቢደግፍልንም አናስተላልፈው። እንዲያውም የበለጠ መጠንቀቅ ያለብን የምንወደውን ሲደግፍልን ነው፤ ያኔ መጠየቅ እንረሳለንና።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።