ፋይሉ ደርሷል፤ መለያውስ?

በዚህ እትም የምንመለከተው ጉዳይ ስሙ ረዘም ይበል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተምን በአንድ ቦታ አዘጋጅቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚተክል መሣሪያ፣ የፋይሎቹን የደኅንነት መለያ እንዴት አድርጎ ይይዛል? ምሳሌያችን ሊኑክስ ነው፤ በተለይም በፌዶራና በሬድ ሃት ሲስተሞች ላይ ጥበቃ የሚያደርገው ኤስኢሊኑክስ የተባለው ክፍል።

1. መለያ ምንድን ነው?

በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አንድ ጠርሙስ እናስብ። የተለጠፈበት ወረቀት ቢላቀቅ ፈሳሹ ያው ፈሳሽ ነው፤ አልተለወጠም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ደፍሮ የሚነካው መምህር አይኖርም። ኤስኢሊኑክስም ፋይልን የሚያየው እንደዚሁ ነው። ፈቃድ ሲጠየቅ የሚያነበው የፋይሉን ስም ሳይሆን የተለጠፈበትን መለያ ነው።

ኤስኢሊኑክስን መጀመሪያ ያዘጋጀው የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ድርጅት፣ ማለትም ኤንኤስኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ከሊኑክስ ከርነል ጋር ተዋሐደ። ቀድሞ የነበረው የሊኑክስ ጥበቃ በፋይሉ ባለቤትና በቡድን ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ ሩት የተባለው አስተዳዳሪ ግን ሁሉን ይችላል። ኤስኢሊኑክስ በዚህ ላይ ሌላ በር ጨመረ። በሩት ስም የሚሠራ ፕሮግራም እንኳ የጥበቃ ደንቡ ያልፈቀደለትን ፋይል መክፈት አይችልም።

መለያው አራት ክፍሎች አሉት፦ ተጠቃሚ፣ ሚና፣ ዓይነትና ደረጃ። በዕለት ተዕለት ሥራ ዋናው ሦስተኛው፣ ዓይነቱ ነው። ተመስጥረው የተያዙት የይለፍ ቃሎች የሚቀመጡበት ሻዶው የተባለው ፋይል ዓይነቱ ሻዶው_ቲ ነው። የድረ ገጽ አገልጋይ ፕሮግራም ይህን ዓይነት እንዲያነብ ደንቡ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ሰርጎ ገብ አገልጋዩን ቢቆጣጠረው እንኳ ሻዶውን አያገኝም። ጥቅሙ ይኸው ነው።

2. መለያው የት ይኖራል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መለያው በፋይሉ ይዘት ውስጥ የለም። ከፋይሉ ጎን፣ በፋይል ሥርዓቱ ላይ ተጨማሪ ባሕርይ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ይዘቱን መቅዳት ማለት መለያውን መቅዳት ማለት አይደለም።

ሲፒ በሚባለው ትእዛዝ አንድን ገጽ ከተጠቃሚው ቤት ወደ ድረ ገጹ ፎልደር ብንቀዳው፣ አዲሱ ቅጂ የደረሰበትን ፎልደር ዓይነት ይወርሳል። ኤምቪ በሚባለው ትእዛዝ ብናዛውረው ግን የድሮ መለያውን ይዞ ይሄዳል። ያን ጊዜ ገጹ በዓይናችን እየታየ አገልጋዩ «አልተፈቀደልኝም» ይላል። ታር በተባለው መሣሪያ ስንጠቀልል ደግሞ፣ መለያውንም ያዝ ብለን ካላዘዝነው ጥሎት ይመጣል።

3. የመትከያ መሣሪያው ሦስት ግዴታዎች

የመትከያ መሣሪያ የሚሠራው ገና ባልተነሣ ሲስተም ላይ ነው። ስለሆነም ሦስት ነገሮችን መጠበቅ አለበት።

ሀ) መለያው የሚወሰደው ከሚተከለው ሲስተም ደንብ ነው እንጂ ከአዘጋጁ ኮምፒውተር ደንብ አይደለም። የትኛው ፋይል የትኛውን መለያ እንደሚይዝ የሚናገር ዝርዝር በሚተከለው ሲስተም ውስጥ አለ። ሴትፋይልስ የተባለው መሣሪያ ይህን ዝርዝር ይዞ በፋይሎቹ ላይ ያልፋል። ሲስተሙ ለጊዜው በሌላ ፎልደር ሥር ስለተቀመጠ፣ ያ ፎልደር እንደ ሥር እንዲቆጠር ሊነገረው ይገባል። አለዚያ የፋይሉ አድራሻ ከዝርዝሩ ጋር አይገጥምም፤ ትክክለኛውንም መለያ አያገኝም።

ለ) መለያ መስጠት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ተጠቃሚው ከተፈጠረ፣ የይለፍ ቃሉ ከተጻፈ፣ ቁልፎቹ ከተቀመጡ በኋላ ማለት ነው። መለያ ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ፋይል ሳይለጠፍበት ይቀራል።

ሐ) ስሕተት ሲገጥመው መጮኽ አለበት። የአዘጋጁ ኮምፒውተር ከርነል በራሱ ደንብ ውስጥ የማያውቀውን መለያ፣ ልዩ ፈቃድ ለሌለው ፕሮግራም አይጽፍም። መሣሪያው ይህን እምቢታ ሰምቶ ዝም ብሎ ካለፈ «ተከላው ተሳክቷል» ብሎ የተበላሸ ሲስተም ያስረክበናል። በአንድ ምስል መቶ ኮምፒውተር ከተተከለ ደግሞ ጉድለቱም መቶ ይሆናል።

ኦኤስትሪ የተባለው ዘዴ ትምህርት ይሰጠናል። በእርሱ ዘንድ ፋይሎች በአንድ ግምጃ ቤት ይቀመጣሉ፤ የተተከለው ሲስተም ደግሞ በሃርድ ሊንክ ወደነዚያው ፋይሎች ያመለክታል። ሁለት ስም ነው፣ አንድ ፋይል። በአንዱ ስም ገብተን መለያ ብንለውጥ በሌላውም ይለወጣል። ስለዚህ መለያው ፋይሉ ግምጃ ቤት ሲገባ አብሮ ይመዘገባል፤ በማረጋገጫ ቁጥሩ ስሌትም ውስጥ ይገባል። ቡትሲ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ሲስተሙን ከኮንቴይነር ምስል ይተክላል። የኮንቴይነር ንጣፎች ይህን መለያ ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ስላልሆነ፣ መለያው በተከላው ጊዜ በምስሉ ውስጥ ካለው ደንብ ይሰላል። መንገዱ ሁለት ነው፤ መርሑ ግን አንድ ነው።

4. መለያው ሲጠፋ ምን ይሆናል?

አንድ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃሉን ረሳ እንበል። የሲስተሙን መነሣት መሐል ላይ አቋርጦ፣ የጥበቃ ደንቡ ከመጫኑ በፊት አዲስ ቃል ያስገባል። በዚህ ጊዜ ሻዶው እንደ አዲስ ይጻፋል፤ መለያ ግን የለውም። ሲስተሙ ሲነሣ ትክክለኛውን ቃል ቢጽፍም በሩ አይከፈትም። እንዴ! ቃሉ እኮ ትክክል ነው? አዎን፣ ቃሉ ትክክል ነው፤ ጠርሙሱ ግን ወረቀት የለውም። መድኃኒቱ ሲስተሙ በሚቀጥለው ሲነሣ ሁሉንም ፋይል እንደገና እንዲለጥፍ ማዘዝ ነው። ለዚህም ነጥብ አውቶሪሌብል የተባለ ባዶ ፋይል በዋናው ፎልደር ውስጥ ይፈጠራል።

5. «አጥፋው በቃ!»

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ጥበቃው ሲጠፋ ገጹ ይከፈታል፤ ሠራተኛውም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የተሳሳተው መለያ እዚያው አለ፤ የተነሣው ዘበኛው ብቻ ነው። ጥበቃው ጨርሶ ጠፍቶ ሳለ የሚፈጠሩ ፋይሎችም መለያ ስለማያገኙ፣ በኋላ መልሰን እናብራው ብንል ሁሉን እንደገና መለጠፍ ግድ ይሆናል። ለምርመራ ካስፈለገ ፐርሚሲቭ የተባለው ሁኔታ ይሻላል፤ ጥፋቱን ይመዘግባል እንጂ አይከለክልም፣ መለያ መስጠቱንም አያቆምም።

ትክክለኛው አካሄድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በኦዲት መዝገብ ውስጥ ክልከላውን ፈልገን የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ፋይል እንደተከለከለ እናነባለን። ቀጥሎ ማችፓዝኮን በሚባለው ትእዛዝ የፋይሉ መለያ ምን መሆን እንደነበረበት እንጠይቃለን። ከዚያም በሪስቶርኮን እናስተካክላለን። ፋይሉ እኛ በመረጥነው ልዩ ቦታ ከሆነ ደግሞ በሴማኔጅ ዝርዝሩ ውስጥ እናስመዘግባለን፤ በቻኮን ብቻ የተለወጠ መለያ እንደገና በተለጠፈ ጊዜ ይታጠባል።

እኛ ደግሞ መምህራን ነን። ተማሪው ከእኛ «አጥፋው» የሚለውን ከተማረ፣ ያንኑ ልማድ ይዞ የሰው ገንዘብና የሕሙማን መዝገብ ወደሚጠበቅበት ሥራ ቤት ይገባል። መዝገብ ማንበብን ከተማረ ግን ዘበኛውን ሳያባርር በሩን መክፈት ይችላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1) በሲፒና በኤምቪ መካከል ያለውን ልዩነት በምናባዊ ኮምፒውተር ላይ በተግባር አሳዩ።
2) መለያ መስጠት የተከላው የመጨረሻ ሥራ የሚሆነው ለምንድን ነው?
3) በሃርድ ሊንክ የተያያዙ ሁለት ስሞች የተለያየ መለያ ሊኖራቸው ይችላል? ምክንያታችሁን ጻፉ።