ማርሹን በራሱ ስለሚለውጥ መኪና

መኪና ነጂ ማርሽ በሚለውጥበት ጊዜ ሦስት ሥራ ባንድነት ይሠራል፤ ይኸውም በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፤ በቀኝ እጁ ማርሹን ይለውጣል፤ በቀኝ እግሩም ነዳጁን ይቀንሳል፣ ይጨምራል። በዛሬው ዘመን ፍሪሲዮኑንና ማርሹን ለመሣሪያ አሳልፎ የሰጠ መኪና አለ። የፍሪሲዮን መርገጫ ስለሌለው ብዙ ሰው ከሌላው አውቶማቲክ መኪና ጋር አንድ ይመስለዋል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ይህንንም ልዩነት አለማወቅ በዳገት ላይ ገንዘብን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወትን ያስከፍላል። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ ሽማግሌዎችም መኪና ለሚገዙ ልጆቻቸው ያስረዱ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ እንጀምራለን።

ሞተር በጣም ዝግ ብሎ እንዲዞር ቢያስገድዱት ይጠፋል። መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ በሞተሩና በጎማው መካከል ባለ ጥርስ መዘውሮች ይገባሉ። 15 ጥርስ ያለው መዘውር 45 ጥርስ ያለውን ቢያዞር፣ ትልቁ የሚዞረው የትንሹን ሢሶ ነው፤ የማዞር ኃይሉ ግን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህም በፍጥነት ኃይልን መግዛት ነው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ሁለት ክብ ስሎ ጥርሱን እያስቈጠረ ቢያሳይ ልጆች ቶሎ ይገባቸዋል።

ፍሪሲዮን ደግሞ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኝና የሚለያይ ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ከባድ ብረት አለ፤ ሸራ የለበሰ ክብ ብረትም በሞላ ተጭኖ ከእርሱ ጋር ይጣበቃል። መኪናው ሲነሣ ሁለቱ ጥቂት ጊዜ እየተንሸራተቱ ይፋተጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ይያያዛሉ። መዳፉን በመዳፉ ላይ አጥብቆ ያሸ ሰው የሚሰማው ሙቀት በዚያም አለ።

እንግዲህ ይህ አዲሱ መኪና የቀድሞውን ፍሪሲዮንና ካምቢዮ እንዳለ ይዞታል። የተጨመረለት በዘይት ግፊት ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ እጅና እግር፣ እርሱንም የሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ዙር፣ የመኪናውን ፍጥነትና የነጂውን የነዳጅ አረጋገጥ ይመለከታል፤ ጊዜው ሲደርስ ነዳጁን ቀንሶ ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል፤ አንዱን ማርሽ አውጥቶ ሌላውን ያስገባል፤ መልሶም ያያይዛል። በተለመደው አውቶማቲክ ግን ሞተሩ የሚገፋው ዘይት ነው፤ ውሃ የወፍጮን መዘውር እንደሚያዞር ዘይቱ ሌላውን መዘውር ያዞራል። ዘይትም እንደ ሸራ ተፍቆ አያልቅም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ናይጀል ማንሴል ከመሪው ኋላ ያለውን ማዘዣ በጣቱ እየሳበ ማርሽ በሚለውጥ የፌራሪ መኪና በብራዚል እሽቅድምድም አሸነፈ። በ2001 ዓ.ም. የስዊድኑ ቮልቮ 12 ማርሽ ላለው የጭነት መኪና የሚሆን አወጣ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በሕንድ አገር ማሩቲ ሱዙኪ ሴሌሪዮ በምትባል ትንሽ መኪና ላይ አገባው። ከእሽቅድምድም መኪና ወደዚህች የወረደው ከተለመደው አውቶማቲክ ይልቅ ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ ነው። ነዳጅም በዘይት መንሸራተት ስለማይባክን ፍጆታው በእጅ ማርሽ ከሚነዳው ጋር ይቀራረባል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ የተጠቀመው የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ 12 ማርሽ መለዋወጥ ክንድና እግርን ያደክማልና።

ጕድለቱም እንዲህ ነው። ፍሪሲዮኑ በተላቀቀባት ቅጽበት ኃይል ወደ ጎማ አይደርስም፤ ተሳፋሪውም ራሱን ወደ ፊት ነቅነቅ ያደርጋል። ነጂው ማርሹ ሊለወጥ ሲል እግሩን ከነዳጁ ጥቂት ቢያነሣ ይቀንሳል። ባትሪው ሲሞት መኪናውን ገፍቶ ማስነሣት ብዙውን ጊዜ አይቻልም። ኮምፒዩተሩ ሲበላሽም መፍቻ ብቻ የያዘ መካኒክ አያድነውም።

የባሰው ግን ዳገት ነው። ነጂው ፍሬን ሲለቅ ፍሪሲዮኑ ገና ስላልያዘ መኪናው ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል፤ ከኋላ ሕፃን ወይም ከብት ቢኖር አደጋ ነው። አንዳንዶቹ ፍሬኑን ለጥቂት ሰኮንድ የሚይዝ መሣሪያ አላቸው፤ የሌለው ግን በእጅ ፍሬን ይያዝ፤ መኪናው መጎተት ሲጀምር ይለቀቅ። ሌላው ክፉ ልማድ በዳገት ላይ ቆሞ ነዳጅ በመስጠት ብቻ መኪናውን መያዝ ነው። በዚህ ጊዜ ሸራው ሳያቋርጥ ይፋተጋል፤ የመቃጠል ሽታም ይመጣል። ያን ጊዜ በፍሬን ይዞ፣ ማርሹን ባዶ አድርጎ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል።

ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ እንደ ሌላው አውቶማቲክ ፒ የሚባለው የማቆሚያ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ በተዳፋት ሲያቆሙ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ ስቦ፣ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩን ማጥፋት፣ ከጎማውም ሥር ድንጋይ ማድረግ ነው።