ሚናውን ለማያውቅ አንባቢ

የተዋናይ ሲቪ የሚጻፈው ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ነው። የተውኔቱ ርእስ፣ የገጸ ባሕርዩ ስም፣ አዘጋጁ፣ ቴአትር ቤቱ፣ ከዚያም ቁመትና ፎቶግራፍ ይሰፍሩበታል። አዘጋጅ ሲያነበው የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል፤ በሀገር ፍቅር ወይም በብሔራዊ ቴአትር መሪ ሚና መያዝ ምን ያህል ጥናት እንደሚጠይቅ ያውቃልና። ሊንክዲን በተባለው የሙያ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ የሚያነበው ሰው ግን የማስታወቂያ ድርጅት ባለቤት፣ ሠልጣኞችን ንግግር የሚያስተምር ባለሙያ የሚፈልግ ኃላፊ፣ ወይም ስለ ጤና የሬዲዮ ድራማ የሚያሠራ ተቋም ሊሆን ይችላል። ለእሱ ያ ዝርዝር የማያውቃቸው ሰዎች ስም ነው። ሲቪውን እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሚና ጀርባ ያለው ሥራ መነገር አለበት።

ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ መተረኩን የማያውቅ ጥቂት ነው። በተለመደው ሲቪ ይህ አንድ መስመር ብቻ ይሆናል፦ ርእሱ፣ «ተራኪ»፣ ጣቢያው። ሥራውን ስንፈታው ግን አንድ ሰው ረጅም ልቦለድ በድምፁ ተሸክሞ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት ከበዛብህ ትሕትና ለይቶ፣ አድማጩ ማን እንደሚናገር ሳያይ እንዲያውቅ አድርጓል። እንዲህ ሲጻፍ ቴአትር ቤት ረግጦ የማያውቅ የድምፅ መጽሐፍ አዘጋጅም ወዲያው ይገባዋል። መጻፊያው ቦታ ግን ጠባብ ነው፤ ከስም ሥር የሚታየው የሊንክዲን መግለጫ መስመር ክፍተትን ጨምሮ ከ220 ፊደል አያልፍም፤ «ስለ እኔ» የሚለው ክፍል 2,600 ቢፈቅድም አንባቢው መጀመሪያ የሚያየው ጥቂት መስመር ነው። ስለዚህ «ተዋናይ» ብሎ ከመቆም «ተዋናይና ተራኪ፤ በአማርኛና በኦሮምኛ የሬዲዮ ድራማ፣ የማስታወቂያና የዶክመንተሪ ድምፅ» ማለት ይሻላል፤ በእርግጥ የሚሠሩት ያንን ከሆነ።

ብዙ አርቲስቶች እንዲህ መጻፍን እንደ ራስን ማወደስ ቆጥረው ይሸሹታል። ስጋቱ የጨዋ ሰው ስጋት ነው፤ ሆኖም ውዳሴ የሚመጣው ከቅጽል ነው። «ድንቅ ተዋናይ» ውዳሴ ነው። ተውኔቱ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ በየትኞቹ ከተሞች እንደዞረ መጻፍ ምስክርነት ነው። ቴአትር የጋራ ሥራ ስለሆነ ደራሲውንና አዘጋጁን በስም መጥራትም ተገቢ ነው፤ ያልመሩትን «መራሁ» ማለት ደግሞ ሁሉም በሚተዋወቅበት ሙያ ውስጥ ውሎ አያድርም።

ጥበቡ በቢሮ ቋንቋ ይሞታል የሚሉት ወገኖች ክርክር ግን ይከብዳል፤ ግማሹም እውነት ነው። «ችግር ፈቺ»፣ «በቡድን የሚሠራ»፣ «ጫና የሚቋቋም» የሚሉ ቃላት ሲደረደሩ ተዋናዩ ይጠፋል፤ ያንኑ ቃል የባንክ ሠራተኛውም የመጋዘን ኃላፊውም ጽፎታልና። የሚያድነው የመድረኩን ቃል ሳይለቁ ድርጊቱን አጠገቡ ማስቀመጥ ነው። ባልደረባ ቃለ ተውኔቱ ሲጠፋበት ተመልካቹ ሳይነቃ ትዕይንቱን ወደ መስመሩ መመለስ፣ በአንድ ምሽት ሁለት ሚና መጫወት፣ የታመመን ተዋናይ በአጭር ጥናት መተካት የቴአትር ሰው የዕለት እንጀራ ናቸው። እነዚህን በግልጽ አማርኛ የጻፈ ሰው «ጫና» የሚለውን ቃል ባያነሳም አንባቢው ይደርስበታል፤ ጥበቡም አልተሸጠም። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቢታከልበት ደግሞ ድምፁና ፊቱ ራሳቸው ይናገራሉ።

አሮጌው ሲቪ አይጣል። ለኦዲሽን የሚጠራ አዘጋጅ ዛሬም ያንኑ አንድ ገጽ ይፈልጋል፤ ቁመቱም ፎቶውም እዚያው ይቆዩ፤ የሊንክዲኑ አድራሻ ከግርጌው ይግባ።