ሰውነትን ዘወትር ማሠራት ለጤና ያለው ጥቅም

በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሰው የሚበላውንና የሚለብሰውን ለማግኘት ሲል ከጧት እስከ ማታ ይደክማል። ይህን ሁሉ ድካም የሚሸከመው ሰውነቱ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጤና በእጅ ሳለ እንደ ተራ ነገር ይቈጠራል፤ ዋጋው የሚታወቀው ከታጣ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ የሰውነት እንቅስቃሴ ምን ጥቅም እንዳለው፣ ይልቁንም ሳይቋረጥ መደረግ ያለበት ስለ ምን እንደ ሆነ፣ የተረዳሁትን ያህል ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ይህን ነገር እንድመረምር ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ ጉዳይ ነው። አባቴ በሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ የሚሰፉ ሰው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ዐምና በግንቦት ወር ራሳቸውን ቢያማቸው ወደ ሐኪም ሄዱ፤ የደም ብዛት እንዳለባቸውም ተነገራቸው። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘላቸውና ጨው እንዲቀንሱ ከመከራቸው በኋላ፣ «በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ» አላቸው። እናቴም ብቻቸውን እንዳይሄዱ በመስጋት እኔ አብሬ እንድወጣ አዘዙኝ።

በመጀመሪያው ቀን በማለዳ ተነሥተን ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ያዝን። እኔ ወጣት ስለ ሆንኩ አባቴን የምደግፍ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን በተቃራኒው ሆነ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳንሄድ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር፤ ከመንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይም ተቀመጥኩ። አባቴ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ሕመምተኛው ማን ነው?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ከተራራው ሲወርዱ፣ ሯጮችም ሽቅብ ሲወጡ እያየሁ በጣም አፈርኩ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከወዲሁ ልዘጋጅ ብዬ ኳስ መጫወቱንም በእግር መሄዱንም ትቼ፣ ሥራዬ ከወንበር ወደ ወንበር መዘዋወር ብቻ ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየጧቱ መውጣት ቀጠልን፤ ዳገቱም እየቀለለን ሄደ። ሐምሌ ሲገባ ግን ዝናቡንና ጭቃውን ፈርተን ተውነው። በመስከረም እንደገና ስንጀምር ያ ዳገት እንደ መጀመሪያው ቀን ከበደን። የደከምንበት ሁሉ ወዴት ሄደ? እኔም ይህን ጥያቄ ይዤ የባዮሎጂ መጽሐፌን ገለጥኩ፤ መምህሬንም ጠየቅሁ።

ልብ የባለቤቱን ጭብጥ የሚያህል፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ጡንቻ ነው። ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ ልቡ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በዚህም 5 ሊትር ያህል ደም ወደ ሰውነቱ ይገፋል። ጤነኛ ወጣት በኃይል ሲሮጥ ግን ይህ መጠን እስከ 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ በሥራ ላይ ያሉት ጡንቻዎች ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋሉና። ጡንቻ ደግሞ በሥራ ይበረታል፤ ሥራ ሲፈታ ይላላል። ዘወትር የሚሠራ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም መግፋት ስለሚችል በዕረፍት ጊዜ ጥቂት መምታት ይበቃዋል። ጥቅሙም በልብ ብቻ አይቀርም። ደም ቅዳዎች እንደ ልብ ስለሚለጠጡ የደም ግፊት ይቀንሳል፤ ጡንቻዎች ከደም ውስጥ ስኳር እየወሰዱ ስለሚጠቀሙበት የስኳር በሽታን ለመከላከል ይረዳል፤ አጥንትም ይጠነክራል፤ እንቅልፍም ይጣፍጣል።

እንግዲህ እንቅስቃሴ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ምርመራ አለ። በ1966 እ. ኤ. አ. በአሜሪካ አገር፣ በዳላስ ከተማ፣ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለ3 ሳምንት ያህል ከአልጋ ሳይነሡ እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚያም ሲመረመሩ ሰውነታቸው በሥራ ጊዜ ኦክሲጅን የመጠቀም ችሎታው ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች እንደገና ሲመረመሩ፣ የ3 ሳምንቱ መተኛት ያደረሰው ጉዳት 30 ዓመት ዕድሜ ካደረሰው ይበልጥ እንደ ነበረ ታወቀ። የእኔና የአባቴም የክረምት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ገንዘብ በባንክ ይቀመጣል፤ ብርታት ግን እንደ ገንዘብ አይቀመጥም። እንደ እህልና ውሃ በየቀኑ የሚፈለግ ነገር ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፣ «ይህ ለስፖርተኛ ነው እንጂ ለሠራተኛ ምን ያደርግለታል?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን ምርመራ በ1953 እ. ኤ. አ. በእንግሊዝ አገር ታትሞ ወጥቷል። ዶክተር ጀሪ ሞሪስና ጓደኞቹ በሎንዶን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ተከታተሉ። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ትኬት ቆራጩ ግን በአውቶቡሱ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ በሽታ የበዛው በሹፌሮቹ ላይ ሆኖ ተገኘ። ትኬት ቆራጮቹ ከሹፌሮቹ ያነሰ ይታመሙ ነበር፤ ቢታመሙም በሽታው ዘግይቶና ቀለል ብሎ ይመጣባቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች ሜዳሊያ አልተሸለሙም፤ የዕለት ሥራቸውን ብቻ ሠሩ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ እናገኛለን። አበበ በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ. ም. በቶኪዮ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ ሮጦ ዳግመኛ አንደኛ ወጣ፤ እንደ ጨረሰም በሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝብ በመገረም ተመለከተው። ይህ ኃይል በአንድ ጧት የመጣ አይደለም፤ በክብር ዘበኛ ሳለ ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ያደረገው የዘወትር ልምምድ ፍሬ ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የኋለኛው ታሪኩ ነው። በ1961 ዓ. ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። እግር ቢያጣ በእጁ ሠራ እንጂ ሥራ አልፈታም።

እኛ ሩጫ የምንወድ ሕዝብ ነን። ከ1994 ዓ. ም. ጀምሮ በሚደረገው በታላቁ ሩጫ ብዙ ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ነገሩ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ያን ቀን ሮጦ ካናቴራውን እስከሚመጣው ዓመት በሳጥን የሚያኖር ሰው፣ በዓመት አንድ ቀን ጠግቦ በልቶ ሌላውን ቀን ሊጾም ያሰበን ሰው ይመስላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ጭምር ነው።

አሁን ደግሞ በጓደኞቼ አፍ ላይ ዘወትር የሚሰሙትን ምክንያቶች ልመልስ።

አንደኛ፣ «ፈተና ስለ ደረሰ ጊዜ የለንም» ይባላል። እኔም እንዲሁ ስል ነበር። ኳስ ሜዳ ባለመሄድ ያተረፍኩትን ሰዓት ግን በመጽሐፍ ላይ በማንቀላፋት እንደ ጨረስኩት አልደብቅም። ሰውነት ሲንቀሳቀስ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ሐሳብን ለመሰብሰብ ይረዳል። ስለዚህ በእግር የተሄደበት ግማሽ ሰዓት ከጥናት ላይ እንደ ተሰረቀ መቈጠር የለበትም።

ሁለተኛ፣ «ሜዳና ዕቃ የለንም» ይባላል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ. ኤ. አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ያሉ ደግሞ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬደው ተማሪ በታክሲ መሄዱን ትቶ በእግሩ ቢመላለስ 60ው ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። ገመድ መዝለልም ሰፊ ሜዳ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ «ስፖርት ለወንዶች ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። የእኅቶቻችን ልብና አጥንት ከእኛው የተለየ ሕግ የለውም፤ ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ. ኤ. አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ስታገኝ ይህ ጥያቄ መልስ አግኝቷል።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው የሚከተለውን ቢጠብቅ ይጠቀማል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ አይሞክር፤ በ10 ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምር። ከመሮጡ በፊት ሰውነቱን ያሟሙቅ፤ ምግብ በልቶ ወዲያው አይሩጥ። እየሄደ መነጋገር የሚችል፣ መዝፈን ግን የሚያቅተው ከሆነ ፍጥነቱ ልክ ነው። ደረቱን የሚወጋው ወይም የሚያዞረው ሰው ወዲያው ያቁም፤ በሽታ ያለበትም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከሁሉ በላይ ግን ሰዓቱን ይወስን፤ ሰዓት ያልተወሰነለት ሥራ ነገ ነገ ሲባል ይቀራልና። ከጓደኛ ጋር መውጣትም ይረዳል፤ እኔ ሳንቀላፋ አባቴ፣ አባቴ ሲሰለቹ እኔ እቀሰቅሳለሁ።

በመስከረም ጧት ከአልጋዬ ሳልነሣ በእጄ አንጓ ላይ ጣቴን አድርጌ ትርታዬን ብቈጥር በደቂቃ 84 ነበር። በጥር ወር 72 ሆነ። በደቂቃ 12 ማለት በቀን 17,280 ምት ነው፤ ልቤ ይህን ያህል ድካም ቀረለት። የአባቴም የደም ግፊት ከቀድሞው ቀንሶ እንደ ተገኘ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። መድኃኒታቸውን ግን አልተዉም፤ ሐኪሙ ሳያዝ መተው አይገባምና። አሁንም በስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ነገር ግን በየሰዓቱ ተነሥተው እስከ በሩ ድረስ ይመላለሳሉ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ ፈተናው ያልፋል፤ ይህ ሰውነት ግን ዕድሜ ልካችንን አብሮን ይኖራል። ወላጆችም ልጆቻችሁን ስታስጠኑ ለእናንተም ለእነርሱም ግማሽ ሰዓት እንድትተዉ በትሕትና እለምናለሁ። ክረምቱ ሊገባ ነው። እኔና አባቴ ዘንድሮ ዝናብ ቢመጣ በቤት ውስጥ ገመድ ልንዘል ተስማምተናል፤ እናቴም ገመዱን አዘጋጅተዋል። እናንተም ከነገ ጧት ጀምራችሁ የየራሳችሁን ዳገት እንድትይዙ አደራ እላለሁ።