ናኖክሪስታል ለምን ተመልሶ ያድጋል?

ጥያቄ፦ በውሃ የማይሟሟ መድኃኒት እስከ ናኖሜትር ከተፈጨ በኋላ ቅንጣቶቹ እንዳይያያዙ ማረጋጊያውን ማብዛት አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ማረጋጊያው የቅንጣቶቹን ገጽ ሸፍኖ እንዳይጣበቁ ያግዳል። ሆኖም ትናንሾቹ ክሪስታሎች ከትልልቆቹ ይልቅ በቀላሉ ስለሚሟሙ፣ ከእነሱ የወጣው መድኃኒት በትልልቆቹ ላይ ይደረባል። ማረጋጊያው ሰርፋክታንት ከሆነ ደግሞ፣ ገጹን ሸፍኖ የተረፈው ክፍል መድኃኒቱን ይበልጥ እያሟሟ ይህንኑ እድገት ያፋጥናል። ልኩ እንግዲህ ገጹን የሚሸፍነው መጠን ነው፤ እሱም በሙከራ እንጂ በግምት አይገኝም። አድርቆ ክኒን ማድረግ አይሻልም ወይ ለሚል፣ ለሚዋጥ መድኃኒት እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የተፈቀደው ራፓሚዩን የተባለ የናኖክሪስታል ክኒን ምስክር ነው። በወር አንዴ የሚወጋው ፓሊፐሪዶን ፓልሚቴት ግን ፖሊሶርቤት 20 የተባለ ሰርፋክታንት ይዞ ፈሳሽ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። እዚያ መዝቀጡ ብቻውን ብልሽት አይደለም (ከመወጋቱ በፊት ቢያንስ 10 ሰከንድ በኃይል የሚናጠውም ለዚህ ነው)፤ የሚያሰጋው ተንጦም የማይበተን ጠጣር ዝቃጭ ነው።