ፕሮግራሙን በፍላሽ ልቀበል?

ጥያቄ፦ የካ አባዶ የምኖር የሕክምና ፊዚክስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ኤምሲኤንፒ ያስፈልገኛል። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ከላቡ ገልብጦ በሰው ሊልክልኝ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ይበልጡን ለእሱ። ኤምሲኤንፒ የአሜሪካው የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሥራ ነው። ጨረር በቁስ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ያሰላል፤ ለካንሰር ሕክምናም ለኑክሌር ሬአክተርም ይውላል፤ ወደ ውጭ መላኩ ቁጥጥር የተደረገበትም ለዚሁ ነው። ፈቃዱ ኦክ ሪጅ ባለ ማዕከል በኩል ለአመልካቹ በስሙ ይሰጣል፤ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ኮፒውን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ የላከ ሰው በአሜሪካ ሕግ ይጠየቃል።

«ቁጥጥሩ በ2021 ማዕቀብ ስለተጣለብን ነው» የሚሉዎትን አይስሙ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 የመጣው ገደብ ለመከላከያ፣ ለፖሊስና ለደኅንነት ኃይሎች የሚሄድ የጦር ቁሳቁስን ይመለከታል፤ የእርስዎን መመረቂያ አይደለም።

ማመልከት ከፈለጉ በራስዎ ስም፣ በዩኒቨርሲቲዎ ኢሜይል ያመልክቱ፤ መልሱ ግን ሊዘገይ ወይም እምቢታ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን አልጠብቅም። ተመሳሳይ ስሌት የሚሠሩት የሰርን ጂያንት4 እና በኤምአይቲ የተጀመረው ኦፕንኤምሲ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው፤ በይፋ የታተመ ኮድ ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ ቁጥጥር ውጭ ነው። ለጨረር ሕክምና ጂያንት4ን፣ በእሱ ላይ የተሠራውን ጌትንም እመርጣለሁ። የዳታ ፋይሎቹ ከባድ ስለሆኑ ግቢ ውስጥ ሆነው ያውርዱ። መጀመሪያ የኮባልት-60 ጨረር ውኃ ላይ ይሞክሩ፤ ከፍተኛው ዶዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ጥልቀት ላይ ካልወጣ፣ ጂኦሜትሪዎን እንደገና ይዩት።